የዳፒቪሪን ቀለበት በወጣት ሴቶች ኑሮ ሲመዘን

ሴቶች ኤችአይቪን ለመከላከል ብልት ውስጥ የሚያስቀምጡት የዳፒቪሪን ቀለበት በመከላከል አቅሙ ብቻ ከተመዘነ ከመከላከያ መርፌዎቹም፣ ሳይዘለል በየቀኑ ከሚዋጠው የፕሬፕ (ለቫይረሱ ከመጋለጥ በፊት የሚወሰድ መከላከያ) ክኒንም ያንሳል። እንዲህም ሆኖ ለአንዳንድ ወጣት ሴቶች እጃቸው ላይ ካለው ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ቀለበቱን ብቻ ማገላበጥ አይበቃም፤ ሴቷ የምትኖርበትን ቤት፣ ዕቃዋን የሚፈትሸውን ሰውና ኮንዶም ብላ ስታነሳ የሚገጥማትን መልስ ማወቅ ያስፈልጋል።

ዕቃው ከሲሊኮን የተሠራ፣ ነጣ ያለ፣ እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ክብ ነው። ከዳር እስከ ዳር 56 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 7.7 ሚሊ ሜትር ነው። ሲሊኮኑ ውስጥ 25 ሚሊ ግራም ዳፒቪሪን የተባለ ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት አለ። ቀለበቱ ብልት ውስጥ ሲቀመጥ መድኃኒቱ ቀስ እያለ ይወጣል፤ በ28 ቀናት የሚወጣው 4 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሆን የቀረው ከቀለበቱ ጋር ይጣላል። መድኃኒቱ የሚሠራው እዚያው በተቀመጠበት ቦታ፣ ቫይረሱ ለመባዛት የሚጠቀምበትን ኢንዛይም በማገድ ነው። ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ስለሆነ ከእርግዝና መከላከያ ክኒን፣ ከመርፌ ወይም ክንድ ላይ ከሚቀበረው ጋር አይጋጭም። ይኸው ጠባዩ ገደቡም ነው፦ በፊንጢጣ በሚደረግ ግንኙነት ወይም ስለታም ነገር በመጋራት የሚመጣን ቫይረስ አያስቆምም። እርግዝናንም፣ ቂጥኝና ጨብጥን የመሳሰሉ የአባላዘር በሽታዎችንም አይከላከልም።

የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በሐምሌ ወር 2020 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ የፕሬፕ ክኒን መውሰድ ለማይችሉ ወይም ለማያገኙ ሴቶች ጠቃሚ ነው ብሎ የድጋፍ አስተያየት ሰጠ። የዓለም ጤና ድርጅት በጥር 2021 ከሌሎች መከላከያዎች ጋር ተጨማሪ አማራጭ ሆኖ እንዲቀርብ መከረ። ለአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ቀርቦ የነበረው ማመልከቻ ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ በራሱ በአቅራቢው ተመለሰ። ስለዚህ ቀለበቱ በአንዳንድ አገር በጤና ተቋም ሲሰጥ በሌላው ጨርሶ አይገኝም።

ቀለበቱ የሚገባበት ኑሮ

የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም በ2023 ባለው ግምት መሠረት በዓለም ላይ በየሳምንቱ 4,000 ያህል ከ15 እስከ 24 ዓመት ያሉ ልጃገረዶችና ወጣት ሴቶች በኤችአይቪ ይያዛሉ፤ ከእነዚህ 3,100ዎቹ ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ያሉ ናቸው። እዚያ በእኩዮቻቸው ወንዶች ላይ የሚታየው ቁጥር ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው። በደቡብ አፍሪካ ኳዙሉ ናታል የቫይረሱን የዘር ሐረግ እየተከተለ ማን ከማን እንደያዘ የመረመረና በ2017 የታተመ ጥናት ከ25 ዓመት በታች ላሉት ሴቶች ቫይረሱን ያስተላለፉት ወንዶች በአማካይ 8.7 ዓመት እንደሚበልጧቸው አሳየ። የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልዩነት የዕድሜ ልዩነት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ገቢ ያለው፣ የቤት ኪራይ ወይም የትምህርት ቤት ወጪ የሚሸፍነው እሱ ነው። «ኮንዶም ካላደረግህ አይሆንም» ያለች ልጅ የነገ ወጪዋን ልታጣ ትችላለች። እሱ ደግሞ ንግግሩን «አታምኚኝም ማለት ነው?» ብሎ ወደ እምነት ጥያቄ ይለውጠዋል፤ ለዚያ ጥያቄ ጥሩ መልስ የላትም።

የገንዘቡ ክብደት በመረጃም ታይቷል። በማላዊ ዞምባ ለልጃገረዶችና ለቤተሰቦቻቸው በየወሩ ትንሽ ገንዘብ በተሰጠበት ጥናት ከ18 ወር በኋላ፣ ሲጀመር ትምህርት ላይ ከነበሩት ተቀባዮች መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው 1.2 በመቶ፣ ካልተቀበሉት መካከል ደግሞ 3 በመቶ ነበሩ። ገንዘቡ መድኃኒት አይደለም፤ የቀነሰው በዕድሜ ከሚበልጣቸው ወንድ ጋር የመገናኘቱን ግድ ነው። ጥቃትም አለ። ኤችአይቪ በተስፋፋባቸው አንዳንድ አካባቢዎች ከባል ወይም ከጓደኛ ጥቃት የሚደርስባቸው ሴቶች በቫይረሱ የመያዝ ዕድላቸው ካልደረሰባቸው በ50 በመቶ ገደማ ይበልጣል። በጉልበት የሚደረግ ግንኙነት ላይ ስለ ኮንዶም የሚነሳ ወሬ የለም።

ቀለበቱን ያስፈለገው ይህ ሁሉ ነው። ከግንኙነቱ ቀናት በፊት ይገባል፤ በዚያች ሰዓት ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም። ጠርሙስ የለው፣ እንደ ክኒን አይንኳኳ፣ በየቀኑ የሚታወስ ሰዓት የለው።

አገባቡና አያያዙ

ከመጀመሩ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ግዴታ ነው። ቫይረሱ ያለባት ሴት ቀለበቱን ብትጠቀም አንድ መድኃኒት ብቻውን ሕክምና ሊሆናት አይችልም፤ ቫይረሱም ከዚሁ ቤተሰብ የሆኑ መድኃኒቶችን ሊላመድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ምርመራው በየሦስት ወሩ ይደገማል።

እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ አድርቂ። ቀለበቱ የታሸገበትን ፖስታ በጥርስ ወይም በመቀስ ሳይሆን ለመቅደጃ ከተበጀለት ጫፍ ክፈቺ፤ ፖስታውን አትጣዪው፣ አሮጌው የሚወጣው በእሱ ነው። ቁጢጥ ብለሽ፣ አንድ እግርሽን ከፍ ባለ ነገር ላይ አድርገሽ ወይም በጀርባሽ ተኝተሽ ምቹ የሆነልሽን ምረጪ። ቀለበቱን በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ጨፍልቀሽ ሁለቱን ጎን አጋጥሚ፤ የሚያዳልጥሽ ከሆነ እንደ 8 ቁጥር መጠምዘዝ ይረዳል። ወደ ውስጥ አስገቢውና በአመልካች ጣት ወደ ላይና ወደ ጀርባ አጥንት አቅጣጫ ግፊው። ሲገባ ራሱን ከፍቶ ክብ ይሆናል። በትክክል ከተቀመጠ ስትቆሚም ስትራመጂም አይሰማሽም። የሚቆረቁርሽ ከሆነ ቦታው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሳታወጪው በጣትሽ ትንሽ ገፋ አድርጊው።

ብዙዎችን የሚያስጨንቀው «ወደ ሆዴ ገብቶ ቢጠፋስ?» የሚለው ነው። አይጠፋም። የማህፀን በር ቀዳዳ ቀለበቱን ሊያሳልፍ የማይችል ጠባብ ነው፤ ከብልት ወዲያ የሚሄድበት መንገድ የለውም። ለማውጣት ጣትን እንደ መንጠቆ አድርጎ ጠርዙን ስቦ ማውጣት ይበቃል።

መድኃኒቱ የሚፈለገው መጠን ላይ እስኪደርስ 24 ሰዓት ይፈልጋል፤ በዚህ አንድ ቀን ኮንዶም ግድ ነው። ከዚያ ቀለበቱ 28 ቀን ሳይወጣ ይቆያል፦ በወር አበባም፣ በግንኙነትም፣ በመታጠብም ጊዜ። ሃያ ስምንት ቀን ማለት ልክ አራት ሳምንት ነው። ስለዚህ የወሩን ቀን ቁጥር ከማስታወስ የሳምንቱን ቀን መያዝ ይቀላል፤ ማክሰኞ የገባ ሁልጊዜ ማክሰኞ ይቀየራል። በዓመት 13 ቀለበት ያስፈልጋል። አዲሱ የሚገባው አሮጌው በወጣበት በዚያው ሰዓት ነው፤ «ሰውነቴ ይረፍ» ብሎ ሳምንት መዝለል ያንን ሳምንት ያለ ምንም ጥበቃ መዋል ነው።

ያልተከፈተው ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይቀመጣል፤ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰል፤ ማቀዝቀዣ ማለት ሌላ ሰው የሚከፍተው በር ነው።

የሚበላሸው የት ላይ ነው?

አብዛኛው ችግር ከቀለበቱ መውጣት ይመጣል። በድርቀት ምክንያት መጸዳጃ ቤት ብዙ ሲማጥ፣ በደንብ ወደ ላይ ሳይገፋ ሲቀር ወይም በግንኙነት ጊዜ ሊንሸራተት ይችላል። ንጹሕ ቦታ ላይ ከወደቀ በንጹሕ ውሃ ብቻ ታጥቦ ወዲያው ይመለሳል። ሳሙና፣ አልኮልና የፈላ ውሃ እንዳይነካው። መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ወይም መሬት ላይ ወድቆ ከቆሸሸ ይጣልና አዲስ ይገባል። ስለዚህ አንድ መጠባበቂያ ሳይኖር መኖር ጥሩ አይደለም።

በፈቃድ የሚወጣው ግን ከሚወድቀው ይበልጣል፤ ምክንያቱም ማኅበራዊ ነው። አንዷ የወር አበባ ሲመጣ ቆሽሿል ብላ ታወጣዋለች። ቀለሙ ሊቀየር ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን ይሠራል፣ ታምፖንም አብሮ መጠቀም ይቻላል። ሌላዋ ውስጧን በጣት የመታጠብ ልማድ አላት፤ ስትታጠብ አውጥታ መመለስ ትረሳለች። ብልት ራሱን ስለሚያጸዳ በውጭ መታጠብ ይበቃል፤ ውስጥን መታጠብ እንዲያውም ተፈጥሯዊ መከላከያውን ያዛባል። ሦስተኛዋ ጓደኛዋ እንዳይሰማው ፈርታ ከግንኙነቱ በፊት ታወጣውና ሲሄድ ትመልሰዋለች። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ መድኃኒቱ በሚያስፈልግበት ሰዓት ቀለበቱ ከውጭ ነው ያለው።

ይሰማዋል ወይ? ብዙዎቹ ወንዶች አይሰማቸውም፤ የሚሰማቸው ግን አሉ። ስለዚህ «ማንም ሊያውቀው አይችልም» ብሎ የሚሰጥ የጤና ባለሙያ ስህተት እየሠራ ነው። ማድረግ የሚቻለው፦ በደንብ ወደ ላይ መግፋት፣ ቢጠየቁ የሚባለውን አስቀድሞ ማሰብ፣ መንገር አደጋ የሌለው ሲሆን ደግሞ አስቀድሞ መንገር። ከጓደኛቸው ጥቃት በሚደርስባቸው ሴቶች ላይ አዘውትሮ የመጠቀሙ ነገር ዝቅ ብሎ መገኘቱ ቀለበቱ ከተፈተነባቸው ትላልቅ ጥናቶች አንዱ በሆነው በአስፓየር ታይቷል። እንግዲህ ቀለበቱ ይበልጥ የሚያስፈልጋት ሴት ለመያዝ ይበልጥ የምትቸገረው ናት። ድብደባ ያለበት ቤት ውስጥ ላለች ልጅ ቀለበት ሰጥቶ መሸኘት በቂ አይደለም፤ ወደ ጥቃት መከላከያ አገልግሎት የሚመራ ሰው አብሮ ያስፈልጋታል።

የጎንዮሽ ጉዳቱ ቀላል የሚባል ነው፦ የፈሳሽ መለወጥ፣ ማሳከክ፣ ከእምብርት በታች የሚሰማ ሕመም፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን። ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ትኩሳት ወይም የማይለቅ ሕመም ከመጣ ግን የአባላዘር በሽታ ሊሆን ስለሚችል መታየት ነው፤ «ቀለበቱ ነው» ብሎ መተው አይገባም።

ቀለበቱ ወጥቶ ሳለ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ከነበረ፣ ተገዳም ይሁን በፈቃዷ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ የድኅረ-ተጋላጭነት መድኃኒት መጀመር ያስፈልጋል። ለ28 ቀን የሚዋጥ ሲሆን በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ቀለበቱን መልሶ ማስገባት ያለፈውን አያድንም።

ቁጥሮቹን እንዴት እንደምናነባቸው

በ2016 የወጡት ሁለቱ ትላልቅ ጥናቶች የመያዝ ዕድልን አንዱ (አስፓየር) በ27 በመቶ፣ ሌላው በ31 በመቶ መቀነሱን አሳዩ። አነስተኛ ነው። ከዚያ ሁሉም ቀለበቱን አውቀው በተጠቀሙባቸው ተከታይ ጥናቶች፣ በሒሳብ ሞዴል ሲነጻጸር 39 እና 62 በመቶ የሚሉ ግምቶች ወጡ፤ በቀጥታ የማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበራቸው በጥንቃቄ የሚያዙ ናቸው።

ልብ የሚሰብረው ሌላው ቁጥር ነው። በአስፓየር ከ18 እስከ 21 ዓመት ባሉት ላይ ምንም ጥበቃ አልታየም። ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው እነሱ ነበሩ። ተመልሰው የመጡ ቀለበቶች ውስጥ የቀረው መድኃኒት ሲለካ ወጣቶቹ ከታላላቆቻቸው ያነሰ መጠቀማቸው ታወቀ። ከዚያ በፊት በቮይስ ጥናት ክኒንና ጄል የተሰጣቸው ሴቶች 90 በመቶ ያህል መውሰዳቸውን ሲናገሩ፣ የደም ናሙናቸው ውስጥ ግን ከሦስተኛ እጅ ባነሰው ብቻ ነበር መድኃኒቱ የተገኘው። ይህን «ወጣቶች ዋሾ ናቸው» ብሎ ማንበብ ቀላል ነው፣ ግን ትክክል አይደለም። በሚፈርዱባት ሰዎች ፊት «አልወሰድኩም» ማለት የሚያስፈራት ልጅ «ወስጃለሁ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ታደርጋለች።

ለዚህም ነው ሪች ለተባለው ጥናት ከሁሉም የበለጠ ክብደት የምንሰጠው። በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ 247 ከ16 እስከ 21 ዓመት ያሉ ወጣቶች ቀለበቱንም ክኒኑንም ለስድስት ስድስት ወር ሞከሩ፤ ከዚያ ምርጫው የራሳቸው ሆነ። 67 በመቶዎቹ ቀለበቱን፣ 31 በመቶዎቹ ክኒኑን መረጡ። በመካከል የስልክ መልእክት፣ የእኩያ ድጋፍ፣ የቡድን ውይይት፣ የመድኃኒት መጠናቸው ውጤትም ያለ ቁጣ ይነገራቸው ነበር። አጠቃቀማቸው ከቀደሙት ጥናቶች በእጅጉ የተሻለ ሆነ። ጥናቱ የመከላከል አቅምን አልለካም፤ ቀለበቱ ግን ያው ቀለበት፣ ዕድሜውም ያው ዕድሜ ነበር። የተለወጠው በዙሪያቸው ያለው ሰው ነው።

ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ

ክኒኑ በየቀኑ ከተዋጠ ከቀለበቱ በጣም ይበልጣል፤ ለሴት ጥበቃው የሚሟላው ሰባት ቀን ተከታትላ ከወሰደች በኋላ ነው። ችግሩ መልኩ ነው፦ በውስጡ ያለው ቴኖፎቪር ለሕክምናም ስለሚሰጥ ጠርሙሱን ያየ ሰው «በሽታው አለባት» ይላል። የሚንኳኳውን ድምፅ ጠርሙሱ ውስጥ ጥጥ በመክተት ማጥፋት ይቻላል፤ ወሬውን ግን ጥጥ አያጠፋውም።

ካቦቴግራቪር መቀመጫ ላይ የሚወጋ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአንድ ወር ልዩነት፣ ከዚያ በየሁለት ወሩ ይሰጣል። ሌናካፓቪር በዓመት ሁለት ጊዜ ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀን ክኒንም አለው። በ2024 በወጣው ፐርፐዝ 1 ጥናት ሌናካፓቪር ከወሰዱት 2,134 ወጣት ሴቶች አንዲትም አልተያዘችም። በእኛ ፍርድ ይህ መርፌ በሚገኝበት ቦታ ቀለበቱ የመጀመሪያ ምርጫ መሆን የለበትም። ቤት የሚገባ ዕቃ የለውም፣ በግንኙነት አይታወቅም፣ የሚታወስ ነገር የለውም። ቀለበቱ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፦ የምታስገባውም የምታወጣውም እሷ ናት። መርፌ ከገባ በኋላ አይወጣም፤ ለሚቀጥለውም ቀጠሮ ከቤት የመውጫ ምክንያትና የመጓጓዣ ገንዘብ ያስፈልጋል።

የሚሰጥበት ቦታ

ግማሹ ውጤት የሚወሰነው እዚህ ነው። ጥሩ አገልግሎት የሚታወቀው በበሩ ነው፦ «የኤችአይቪ ክፍል» ተብሎ የተጻፈበት ለብቻው ያለ በር ከሆነ ልጆቹ አይገቡም፤ ከቤተሰብ ምጣኔ ጋር ሲሆን ግን ማንም ምን ልትወስድ እንደመጣች አያውቅም። «ባል አለሽ?» ብሎ የሚጀምር ባለሙያ ልጅቷን በመጀመሪያው ደቂቃ ያጣታል። ሦስት ቀለበት በአንድ ጊዜ የሚሰጥ፣ ቀጠሮውን ከሦስት ወሩ ምርመራ ጋር የሚያገጣጥም፣ የመጀመሪያውን እዚያው እንድትሞክር ብቻዋን የምትሆንበት ክፍል የሚያዘጋጅ ከሆነ መልካም ነው። ስልክ ላይ የሚላክ መልእክት ምን እንደሚል አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል፤ ስልኳን ሌላ ሰው የሚያነብባት ብዙ ናት። ከ18 ዓመት በታች ላለች የወላጅ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ እንደየአገሩ ሕግ ስለሚለያይ ስሟን ከመስጠቷ በፊት መጠየቅ መብቷ ነው።

ለመተው ስትወስኚ ከመጨረሻው ግንኙነት በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ጠብቀሽ አውጪው፤ በፖስታው ጠቅልለሽ ከሕፃናት እጅ ርቆ ቆሻሻ ውስጥ ይጣል፣ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ አይደለም። ወደ መርፌ ወይም ወደ ክኒን የምትዛወሪ ከሆነ ቀለበቱን ቀድመሽ አውጥተሽ ክፍተት አትፍጠሪ። አዲሱ መከላከል እስኪጀምር ባለበት ይቆይ፤ መቼ እንደሚወጣም ቀኑን ከሚሰጥሽ ባለሙያ ጋር በዚያው ቀጠሮ ወስኚ።